«ስቴክ ያለ ከሰል ስቴክ አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ስቴክ ያለ ከሰል ስቴክ አይደለም» ይላል። የተጻፈው አሜሪካ ለምንኖር ሐበሾች ነው፤ ሜሞሪያል ዴይ (በግንቦት መጨረሻ ገደማ የሚውለው የአሜሪካ በዓል) ሲቃረብ ግሪል ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ለሚዞር ሰው። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል፤ አንዳንዶቹ «የጋዙን መልሼ የከሰል ልግዛ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጽሑፉ ሲነበብ ይጥማል፤ ጸሐፊው ሥጋ የሚወዱ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ግን ካነሷቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ልክ አይደሉም። አንዱ ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል።

መጀመሪያ ያሉትን በትክክል ላስቀምጥ። የስቴክ ጣዕም የሚመጣው ከከሰሉ ነው ይላሉ። ፕሮፔን፣ ማለትም በሲሊንደር የሚሸጠው የግሪል ጋዝ፣ የሥጋውን ገጽ በደንብ የሚያጠቁር ግለት የለውም። የጋዙ ሽታ ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። የጋዝ ግሪል የእሳት አደጋም አለው። ከሰል ይረክሳል። ከሰል የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ጋዝ ግን ኬሚካል ነው። ባህላችንም ከሰል ነው። በመጨረሻም፣ ብርድ ሲመጣ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ሲያልቅ ጋራዥ አስገብቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ መጥበስ ይቻላል ይላሉ።

የእኔንም አቋም አስቀድሜ ልናገር። ከሰል አልጠላም፣ የከሰል ግሪልም አለኝ። ነገር ግን ስቴክ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ሥጋ ነው። እንዲህ ላለው ሥጋ ትልቁን ልዩነት የሚያመጡት የብረቱ ግለት፣ የሥጋው ገጽ ድርቀትና የሥጋው ውፍረት ናቸው። ከስር የሚነደው ነገር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። ከሥራ መጥቶ ለልጆቹ ራት ለሚያደርስ ሰው ፕሮፔን ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሊያፍርበትም አይገባም።

«ጣዕሙ የሚመጣው ከከሰሉ ነው»

ከሰል ምንድን ነው? አየር በደንብ ሳያገኝ የከሰለ እንጨት ነው። እንጨቱ ሲከስል ውሃው ይወጣል፣ ጭስ የሚሆነውና ሽታ የሚሰጠው ነገርም አብሮ ይወጣል። የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው። በደንብ የተያያዘ ከሰል የማይጨሰው ለዚህ ነው። ይህን ደግሞ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቡና ለማፍላት ከሰል ያያያዘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ጭስ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ፍሙ ሲቀላ ነው ጀበናውን የሚጥደው። ጸሐፊውም ራሳቸው «ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ» ብለው ይመክራሉ። ጥሩ ምክር ነው። ግን ጭሱ እስኪያልቅ ከጠበቅን በኋላ ጣዕሙ የመጣው ከከሰሉ ጭስ ነው ማለት አንችልም።

ታዲያ ያ የምንወደው የግሪል ሽታ ከምን ይመጣል? ከስቡ ነው። ስቡና የሥጋው ጭማቂ ሲንጠባጠብ የጋለ ነገር ላይ ያርፋል፣ ይጨሳል፣ ጭሱ ተመልሶ ሥጋውን ያለብሰዋል። የጋለው ነገር ፍም ሊሆን ይችላል፣ ብረትም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የጋዝ ግሪል ውስጥ ከእሳቱ በላይ እንደ ጣሪያ የተከደኑ ብረቶች ያሉት፤ ስቡ እዚያ ላይ ወድቆ እንዲጨስ። ዌበር የሚባለው ኩባንያ በ1985 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጄኔሲስ የተባለውን የጋዝ ግሪል ሲያወጣ እነዚህን ብረቶች ይዞ ነበር። ይኸው ኩባንያ ነው በ1952 ጆርጅ ስቲቨን የፈጠረውን ክቡን የከሰል ግሪል የሚሸጠው። ከሰልን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ሌላው የጣዕም ምንጭ የሥጋው ገጽ ቡናማ ሲሆን የሚፈጠረው ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 የገለጸው ለውጥ ማለት ነው፤ ፕሮቲንና ስኳር በከፍተኛ ሙቀት ተገናኝተው መዓዛና ቀለም ይፈጥራሉ። ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ይፋጠናል። ሙቀቱ ከምን እንደመጣ ለዚህ ለውጥ ምንም ለውጥ አያመጣም።

እዚህ ላይ የምቀበላቸው ነገር አለ። ስብ የበዛበት ሪብ አይ (ከጎድን የሚቆረጥ ስቴክ) በከሰል ሲጠበስ፣ ስቡ በቀጥታ ፍሙ ላይ ስለሚወድቅ ጭሱ ጠንከር ይላል፤ ልዩነቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አለ። ለብዙ ሰዓት የሚበስል ሥጋ ሲሆን ደግሞ ጭስ ሁሉም ነገር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ፍሪምባውን ግማሽ ቀን ሙሉ በጭስ ያበስሉታል፣ ድንቅም ነው። ግን እዚያ የሚያጨሱት የባሉጥ እንጨት ነው። ደግሞም ሰዓታት የሚፈጀውን ፍሪምባ አሥር ደቂቃ ለማይሞላው ስቴክ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም። የጭስ ጣዕም የሚወድ ሰው በጋዝ ግሪልም ላይ የእንጨት ስንጥር በትንሽ የብረት ሳጥን አድርጎ ማስቀመጥ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳም። ብዙ ሰው ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ከሰል ድፍን ከሰል አይደለም፤ ከተፈጨ ከሰል በስታርች ተጣብቆ የተሠራ ብሪኬት ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ማቀጣጠያ ፈሳሽ ያርከፈክፍበታል። ፈሳሹ በደንብ ሳይነድ ሥጋ ከተጣደ ያ ሽታ ነው ሥጋው ላይ የሚቀረው። «የከሰል ጣዕም» እያሉ የሚያወድሱት አንዳንዴ እሱን ነው። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ፈሳሹን ተዉትና እንደ ቱቦ ያለውን ማቀጣጠያ ቆርቆሮ ግዙ። ከስሩ ጋዜጣ አድርጋችሁ ትለኩሱታላችሁ፣ በሃያ ደቂቃ ገደማ ከሰሉ ይደርሳል።

«ፕሮፔን ግለት የለውም»

ከሁሉም ነጥቦች ይሄኛው ቁም ነገር አለው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ።

የፕሮፔን ነበልባል ራሱ ከፍም ይበልጥ ይግላል። ይሁን እንጂ ሥጋው የሚያገኘው የነበልባሉን ግለት እንዳለ አይደለም። የጋዝ ግሪል ብዙ አየር ያስገባል፣ ብዙ ሙቀትም በጀርባው ይወጣል። ፍም ግን ከሥጋው ሥር ተነጥፎ ሙቀቱን በጨረር በቀጥታ ይልካል። በዚህ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ረከስ ያለ፣ ቆርቆሮው የሳሳ የጋዝ ግሪል ከጥሩ የከሰል እሳት ጋር አይወዳደርም። ይህን የቀመሰ ሰው «ጋዝ ሥጋ ይቀቅላል እንጂ አይጠብስም» ቢል አልፈርድበትም።

ግን ከዚህ ተነስቶ «ፕሮፔን ስቴክ አይጠብስም» ማለት ትልቅ ዝላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ውድ ስቴክ የሚሸጡ ብዙ ምግብ ቤቶች ሥጋውን የሚጠብሱት በጋዝ ነው። ብሮይለር ይሉታል፤ እሳቱን ከላይ ወደ ታች የሚለቅ፣ ሴራሚኩ እስኪቀላ የሚግል ምድጃ ነው። ለአንድ ስቴክ ስልሳና ሰባ ዶላር የሚከፍለው ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሥጋ ብዙ ጊዜ ከሰል አይቶ አያውቅም። ለቤት የሚሸጡ ግሪሎችም ላይ በዚሁ መንገድ የሚሠራ፣ ለስቴክ ተብሎ የተለየ እሳት ያላቸው አሉ።

እሱ ባይኖርም መንገድ አለ። ግሪሉን ከፍታችሁ ለኩሱ፣ ከዚያ ክዳኑን ዘግታችሁ ሁሉንም እሳት እስከ ጥግ ከፍታችሁ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። ለኩሶ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሥጋውን ይጥልና ጋዙን ይወቅሳል። ፍርግርጉ ሳሳ ያለ ከሆነ ወፍራም የብረት ድስት ክዳን ወይም ካስት አይረን (ከባድ የብረት) መጥበሻ ግሪሉ ላይ አስቀምጣችሁ አብራችሁ አግሉት። ሥጋው ሲነካው ሲጮህ ትሰማላችሁ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ ለኛ ሰው ከከሰልና ከጋዝ ክርክር በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው። የሥጋው ገጽ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አያልፍም፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሙቀት ውሃውን ወደ እንፋሎት በመቀየር ያልቃል። አንድ ግራም ውሃ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሙቀት ይልቅ ያንኑ ውሃ አትንኖ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ወደ ሰባት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ እርጥብ ሥጋ ከሰል ላይም ጣሉት ጋዝ ላይ መጀመሪያ የሚሆነው መቀቀል ነው፤ ቡናማ መሆን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ውስጡ በስሎ አልፏል።

እኛ ቤት ሥጋ ይታጠባል። እናቶቻችን በሎሚና በውሃ ነው ያሳደጉን። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ጥሬ ሥጋ ባይታጠብ ይሻላል ይላል፣ ምክንያቱም የሚረጨው ውሃ ተህዋሲያኑን ሲንክና ዕቃው ላይ ይበትናል። ማጠብ የግድ ነው የምትሉ እንኳ ቢያንስ በወረቀት ፎጣ ጥሩ አድርጋችሁ አድርቁት። ጨው ነስንሳችሁ ሳትከድኑ ፍሪጅ ውስጥ ብታሳድሩት ደግሞ በጣም የተሻለ ነው፤ ገጹ ይደርቃል፣ ጨውም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስቴክ በሽንኩርትና በዘይት ዘፍዝፎ ጥዶ «ጋዙ አላጠቆረልኝም» የሚል ሰው ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ውፍረቱም እንደዚሁ ነው። የኛ ሥጋ ቤቶች ለጥብስ የለመደ እጅ ስላላቸው ስቴክ ስትሉ ሳሳ አድርገው ይቆርጡላችኋል። አንድ ኢንች ተኩል፣ ማለትም አራት ሴንቲሜትር ገደማ፣ ብላችሁ ንገሯቸው። ሳሳ ያለ ሥጋ ውጪው ሳይጠቁር ውስጡ ይደርቃል። ከሽንጥም ሆነ ከጎድን ቢሆን ወፍራም ከሆነ ግን ውጪውን አጥቁሮ ውስጡን ለስላሳ ማድረግ ይቻላል።

እዚህ ላይ ጋዝ ከሰልን የሚበልጥበት ነገር አለ፣ ጽሑፉም ዝም ብሎ አልፎታል። ቤታችን ውስጥ አንዱ ደም የቀረው ስቴክ ይወዳል፣ ሌላው ደግሞ ሮዝ ነገር ካየ ሳህኑን ይገፋል። ቁርጥ እያወራረዱ ያደጉ ሰዎች እንኳ ግማሽ የበሰለ ስቴክ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ጥሬ ጥሬ ነው፣ የበሰለ ደግሞ ይብሰል ነው የሚሉት፣ እኔም ይገባኛል። በጋዝ አንዱን ጎን እስከ ጥግ ትከፍቱታላችሁ፣ ሌላውን ትዘጉታላችሁ። ሁሉንም ሥጋ በጋለው በኩል ታጠቁራላችሁ፣ ከዚያ በደንብ የበሰለ የሚወዱትን የአባባን ድርሻ ወደ ቀዝቃዛው ጎን አውጥታችሁ ክዳኑን ትዘጉታላችሁ። ሳይቃጠል ቀስ ብሎ ይበስላል። በከሰልም ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ ይህን ማድረግ ይቻላል፣ ግን ግለቱ ከደቂቃ ደቂቃ ይቀያየራል፤ በደንብ የለመደ ሰው ይፈልጋል።

ቴርሞሜትር ግዙ። ከ130 እስከ 135 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ውስጡ ሮዝ ነው። ግብርና ሚኒስቴሩ የሚመክረው ግን 145 ደርሶ ሦስት ደቂቃ እንዲያርፍ ነው። 160 ላይ ሮዝ አይቀርም። ለዚህ መሣሪያ የምታወጡት ገንዘብ ከየትኛውም የግሪል ክርክር በላይ ስቴካችሁን ያሻሽለዋል።

«የጋዙ ሽታ ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ጤናም ያውካል»

ፕሮፔን በራሱ ሽታ የለውም። የምናሸተው የበሰበሰ ነገር የመሰለ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው፣ ጋዙ ሲያፈተልክ ሰው እንዲያውቅ። ይህ ልማድ በሕግ የገባው ከመከራ በኋላ ነው። በ1937 ቴክሳስ ኒው ለንደን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ሳይታወቅ ተጠራቅሞ ፈነዳ፣ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ፕሮፔኑ በደንብ ሲነድ ይህ መዓዛ አብሮ ይቃጠላል፤ የሚወጣው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ነው። ሥጋችሁ ጋዝ ጋዝ ካላችሁ እሳቱን እዩት። ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና ጥላሸት ካለው ማንደጃው ተደፍኗል፣ ብዙ ጊዜ ሸረሪት አድርታበት ነው፣ ይጠረግ።

ስለ ጤና ካወራን ደግሞ ከሰልን የተሻለ የሚያደርገው ነገር የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እንደሚያስረዳው ሥጋ በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ፣ ስቡም እሳት ላይ ወድቆ ሲጨስ፣ ዘረ መልን ሊጎዱ የሚችሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ። ይሄ በጋዝም በከሰልም ይሆናል። ቶሎ ቶሎ መገልበጥና ያረረውን ቆርጦ መጣል ይጠቅማል።

«ከሰል ይረክሳል»

ግሪሉ ራሱ ይረክሳል፣ ይህን እቀበላለሁ። ለዓመት ሁለቴ ብቻ ለሚጠብስ ሰው የከሰሉ ይበቃዋል። መናፈሻዎች ውስጥ ያሉት የሕዝብ ግሪሎችም በአብዛኛው የከሰል ናቸው፣ እዚያ ምርጫ የለም።

በየሳምንቱ ለሚጠብስ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ሱቅ ውስጥ የምትቀይሩት ሲሊንደር 20 ፓውንድ ይባላል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚሞላው 15 ፓውንድ ነው። አንድ ፓውንድ ፕሮፔን ወደ 21,500 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ይይዛል። ሦስት እሳት ያለው ግሪል እስከ ጥግ ተከፍቶ በሰዓት ከ30,000 እስከ 36,000 ቢቲዩ ይጨርሳል። እንግዲህ ሲሊንደሩ ዘጠኝ አሥር ሰዓት ይሄዳል፤ ግሪሉ እስኪግል ያለውን ጊዜ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ለሚፈጅ የስቴክ ራት ቢሆን ሃያ ራት ገደማ ማለት ነው። ከሰል ግን በአንድ ማቀጣጠያ ሙሉ ወደ አምስት ፓውንድ ይወስዳል፤ 16 ፓውንዱ ከረጢት ሦስት ራት ቢሄድ ነው። ሥጋው ወጥቶ ካለቀ በኋላም ፍሙ መንደዱን ይቀጥላል። የአየር ቀዳዳውን ዘግቶ አጥፍቶ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ የሚያቆይ ሰው ይቆጥባል፣ እውነት ነው። የአካባቢያችሁን ዋጋ አስገቡና ራሳችሁ አስሉት።

«ከሰል ተፈጥሮ ነው»

ከሰል ከዛፍ ነው የሚመጣው፣ እሺ። ግን በባህላዊው መንገድ፣ አፈር ተለብሶ ሲከሰል፣ ለአንድ ኪሎ ከሰል ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዋሽ መንገድ ላይ በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጠው ከሰል የስንት ግራር ዋጋ እንደሆነ ያየ ሰው «ተፈጥሮ» የምትለው ቃል ብቻ አታሳምነውም። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ከሰል እርግጥ ሌላ ታሪክ አለው። ኪንግስፎርድ የሚባለው የተጀመረው በ1920ዎቹ ሄንሪ ፎርድ ከመኪና ፋብሪካው የተረፈውን ቁርጥራጭ እንጨት ወደ ብሪኬት ሲቀይር ነው፣ ብልህ ሥራ ነበር። ፕሮፔን ደግሞ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ማጣራት የሚወጣ ነው፤ ንጹሕ ነው አልልም። ነገር ግን በ2009 የታተመ፣ በእንግሊዝ ያለውን ሁኔታ ያየ አንድ ጥናት በከሰል መጥበስ የሚያስከትለው የካርቦን ልቀት ከጋዙ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል።

«ባህላችን ከሰል ነው»

ይሄ ነጥብ ስሜት ይነካል፣ እኔንም ነክቶኛል። የከሰል ማንደጃ ዙሪያ ቁጭ ብሎ መጫወትን የሚተካ ነገር የለም፣ ቡና ያለ ፍም እኔም አይመቸኝም። ዝልዝል ሥጋ ፍም ላይ ጣል አድርጎ መብላትም አለ። ግን ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት ሸክላ ጥብስን ነው። ሸክላ ጥብስ የሚጠበሰው መጥበሻ ላይ ነው፤ በቅቤ፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል። ፍሙ ከሸክላው ሥር የሚገባው ሥጋው ጠረጴዛ ላይ እንዳይበርድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ሥጋ ቤት ጥብሱን በጋዝ ምድጃ ላይ ሠርቶ በከሰል ሸክላ እንደሚያቀርብ ጓዳውን ያየ ያውቃል፤ ጥብሱ ጥብስ መሆኑን የካደ ሰው ግን የለም። ስቴክ ደግሞ በመሠረቱ እዚህ የለመድነው አሠራር ነው፣ በጋዝ ቢጠበስ ከባህላችን የሚጎድል ነገር የለም።

ወደ ጋራዡ ከመሄዴ በፊት ስለ ጋዝ አደጋ ጸሐፊው ያሉት ትክክል መሆኑን ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ከግሪል ከሚነሱ የቤት ቃጠሎዎች አብዛኞቹ ከጋዝ ግሪል ጋር የተያያዙ ናቸው። የጋዝ ግሪል ያለው ሰው መብዛቱ አንዱ ምክንያት ነው፣ ግን ጉዳዩን ቀላል አያደርገውም። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ቱቦውን በሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ ካወጣ ያፈተልካል። ክዳኑ ተዘግቶ እያለ በጭራሽ አትለኩሱ። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይጠራቀማል፣ ስለዚህ ሲሊንደር ቤት ውስጥም ቤዝመንትም አይቀመጥም። አፓርትመንት የምትኖሩ ደግሞ ሁለቱም ላይፈቀድላችሁ ይችላል። ብዙ ቦታ የሚሠራበት የእሳት ደንብ በሚቃጠል ነገር የተሠራ በረንዳ ላይ፣ ወይም ከእንዲህ ያለ ግድግዳ በአሥር ጫማ ርቀት ውስጥ፣ የከሰል ግሪልንም ትልቅ ሲሊንደር ያለውን የጋዝ ግሪልም ይከለክላል፤ ከዚህ የጠበቀ ደንብ ያላቸው አካባቢዎችም አሉ። የኪራይ ውላችሁን እዩ። ካልተፈቀደ በካስት አይረን መጥበሻ ምድጃ ላይ የተጠበሰ ስቴክ ምንም አይጎድለውም።

«ጭሱ ሲያልቅ ጋራዥ አስገቡት»

ይህን አንቀጽ ሳነብ ደነገጥኩ። እስካሁን ያወራነው ስለ ጣዕምና ስለ ዋጋ ነው፣ ብንሳሳትም አንድ ራት ይበላሽብናል። ይሄ ግን የሰው ነፍስ ነው።

ጸሐፊው ይህን ከራሳቸው አላመጡትም። ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው፤ ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ሲያልቅ «አሁን አይጎዳም» ተብሎ ይገባል። ስህተቱም እዚሁ ላይ ነው። የሚገድለው የምናየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። የሚመነጨው ደግሞ ከቀላው ፍም ነው፣ ጭስ ጨርሶ በማይታይበት ሰዓት። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ድካም መስሎት ጋደም ይላል። አገር ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር በከሰል ታፍነው አደሩ የሚለውን መርዶ የማያውቅ ማን አለ? እዚያ ያሉ ብዙ ቤቶች በበሩ ሥርና በቆርቆሮው መሐል አየር ያስገባሉ። እዚህ ያለው ቤት ለብርዱ ተብሎ ጥርቅም ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ጋራዡም ብዙ ጊዜ በበር ከቤቱ ጋር ይገናኛል፣ ከላዩ የልጆች መኝታ ቤት ይኖራል።

በሩን ገርበብ ማድረግ በቂ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ቢከፈትም በቂ አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በየከሰሉ ከረጢት ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም የሚያስገድደው ለዚህ ነው፤ ከሰል ቤት ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ አታንድዱ፣ ይገድላል ይላል። ከረጢቱን ገልብጡና አንብቡት። የጋዝ ግሪልም ቢሆን ጋራዥ ውስጥ አይነድም፤ ይህ ለሁለቱም ነው።

ለብርድ መፍትሔው ጋዙን ውጭ ማንደድ ነው። ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ድረስ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝ ይቀየራል፣ ስለዚህ የሚኒሶታ ብርድ ላይም ይሠራል። ጃኬት ለብሳችሁ ወጥታችሁ ትለኩሳላችሁ፣ ትገባላችሁ፣ ሲግል ወጥታችሁ ትጥላላችሁ። ከሰልን ክረምት ላይ ወደ ቤት የሚስበው ሰው ማቀጣጠሉና ቆሞ መጠበቁ ስለሚከብደው ነው።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ስለ ጣዕሙ በአቋምዎ ይጽኑ፣ እንከራከራለን። የጋራዡን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ አውጥተው፣ የተስተካከለውን መጀመሪያ በለቀቁበት ቦታ ሁሉ መልሰው ይልቀቁት። ጽሑፉን ለሌላ ያስተላለፋችሁም፣ ወደላካችሁበት ግሩፕ ተመልሳችሁ «ከሰል ጋራዥ አይገባም» ብላችሁ ጻፉበት። ቤታችሁ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከሌለ ይገዛ፣ በተለይ መኝታ ቤቶቹ አጠገብ ይሰቀል። አንድ ቀን ከጮኸ ወይም ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንዴ ራሳቸውን ካመማቸው መስኮት እንክፈት ብላችሁ ውስጥ አትቆዩ፤ ሁላችሁም ውጡና ከውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ።